ባለጎጆና ደባል፤ የጨዋታ ጓደኞች የሚነጋገሩበት ቤት የማን ነው?

ጨዋታ ያለ ወሬ አይሞቅም። ገበጣ የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከበው የሚያዩት፥ ጠጠሩን በዓይናቸው የሚቆጥሩት፥ ለተሸነፈው የሚያዝኑለትና የሚያሾፉበት ባይኖሩ ጨዋታው ቶሎ ይሰለቻል። የገናም ጨዋታ እንዲሁ ነው። ጃን ሜዳ ወርዶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ሩሯን የሚመታት አንድ ሰው ሲሆን የሚጮኸውና የሚፎክረው ግን ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን በኮምፒዩተርና በስልክ መጫወት በጀመሩ ጊዜ፥ ከጨዋታው አጠገብ የሚነጋገሩበት ቤት መፈለጋቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ጉለሌ የሚኖር ሰው ነገሩን ሩቅ ሳይሄድ ሊያየው ይችላል። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፥ ከቀጨኔ እስከ እንቁላል ፋብሪካ በየሰፈሩ ጆተኒና ፕሌይስቴሽን ቤት አለ፤ በብዙዎቹም ቤቶች የተሸነፈው ይከፍላል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ወሬው አያልቅም። ልጆቹ ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ በቴሌግራም ግሩፕ ይቀጥላል። የነገው ውድድር ሰዓት ይነገራል፥ የዕጣው ድልድል ይለጠፋል፥ መዋጮ ያልከፈለው ይጠራል፥ ፍፁም ቅጣት ምት የሳተው ሲሾፍበት ያመሻል። በስልክ የሚጫወቱትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ባሕር ማዶ የአጎት ልጅ ያለው ደግሞ ዲስኮርድ ወደሚባለው ቤት ይጋበዝና፥ አንዱ ከዋሽንግተን አንዱ ከጉለሌ ሆነው በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ።

ታዲያ ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው? ቴሌግራም ነው ወይስ ዲስኮርድ? ወይስ ታላላቆቻችን በኢንተርኔት ካፌ ዘመን ይሠሩበት የነበረው ይሻል ነበር? እያሉ የሚከራከሩ ወጣቶች አሉ። ክርክራቸውም ብዙውን ጊዜ ስለ ድምፁ ጥራት፥ ስለ ሥዕሉና ስለ ስቲከሩ ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ሌላ ጥያቄ እናነሣለን፤ ይኸውም፥ ቤቱ የማን ነው? የሚለው ነው። በራስ ጎጆ መኖርና በሰው ቤት ደባል ሆኖ መኖር ያላቸውን ልዩነት፥ የቤት ኪራይ የሚከፍል ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

የጎጆው ዘመን

በ1988 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አገር በኦሉ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ያርኮ ኦይካሪነን የሚባል ወጣት አይ አር ሲ የተባለውን የመነጋገሪያ ዘዴ ፈጠረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰርቨር የሚባል፥ መልእክት እየተቀበለ ለሁሉ የሚያከፋፍል ኮምፒዩተር ይቆማል። ሰዎችም በየራሳቸው ፕሮግራም ወደዚያ ይገቡና ቻነል የሚባል ክፍል ይከፍታሉ። በክፍሉ ውስጥ አንዱ የጻፈውን መሥመር ሌሎቹ ወዲያው ያነብቡታል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኻሊድ ማርዳም ቤይ ያወጣው ኤምአይአርሲ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ዘዴውን ለተራው ሰው አቀረበለት። የጨዋታ ሰዎችም ፈጥነው ገቡበት። ኩዌክ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ በሚወዱ ሰዎች በ1997 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኩዌክኔት፥ በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ ከ200,000 የሚበልጡ ሰዎች የሚገኙበት ታላቅ ገበያ ሆኖ ነበር።

ወደ አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ኢንተርኔት ካፌዎች ያመሸ ሰው፥ ኤምአይአርሲንና ያሁ ሜሴንጀርን አይረሳቸውም። ሒሳቡ በደቂቃ ስለ ነበር ሰው ነገሩን ያሳጥር ነበር። አማርኛውንም በላቲን ፊደል ይጽፈው ነበርና፥ «አለ» እና «አላ» ሳይለዩ ብዙ ጠብ ተነሥቷል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ከገባም በኋላ በየካፌው ኮምፒዩተር ላይ እስኪነበብ ጊዜ ወስዷል።

ፊደላችን ከመጣም በኋላ ጎጆው ለእኛ ጠባብ ነበር። በአይ አር ሲ አንድ መልእክት ከ512 ባይት እንዳይበልጥ ተወስኗል። የላቲን ፊደል አንዱ 1 ባይት ሲይዝ፥ የእኛ ፊደል አንዱ ዩቲኤፍ ስምንት በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ እንግሊዛዊው 500 ያህል ፊደል በሚጽፍበት መሥመር አማርኛ ጸሐፊ 170 እንኳ ሳይሞላ ቦታው ያልቅበታል። ዘዴው ሲፈጠር የእኛን ፊደል ያሰበ ሰው አልነበረምና ነው።

የጎጆው ትልቁ ጉድለት ግን ማስታወሻ የሌለው መሆኑ ነበር። በክፍሉ ውስጥ የተነገረው ነገር በዚያው ሰዓት ለተገኘው ብቻ ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም መሥመሩ ቢቋረጥ፥ ሰውየው ሲመለስ ያለፈውን ወሬ የሚያወራለት ጓደኛ መፈለግ ነበረበት። መብራት ብዙ ጊዜ በሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨዋታው እየፈጠነ ሲሄድ ደግሞ ጽሕፈት አልበቃ አለ። አምስት ሆነው የሚዋጉ ልጆች እጃቸው በጨዋታው ላይ ስለ ሆነ ለመጻፍ አይችሉም። ስለዚህ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቲምስፒክና ቬንትሪሎ፥ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማምብል የተባሉት የድምፅ መነጋገሪያዎች መጡ። በነዚህ ቤቶች እያንዳንዱ ቡድን ሰርቨሩን በራሱ ኮምፒዩተር ያቆም ወይም በወር ይከራይ ነበር። ገንዘቡን ማን ያዋጣ? ቁልፉን ማን ይያዝ? የሚረብሸውን ማን ያስወጣ? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የቡድኑ ሥራ ነበሩ። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ሰርቨር ማስተዳደርን፥ ሒሳብ መያዝንና ሰው መዳኘትን የተማሩት በዚህ ድካም ነው።

በአገራችን ግን ድምፅን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ሌላም እንቅፋት ነበረበት። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መጠቀምንና መስጠትን ከልክሎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ የስልክ ጥሪና የፋክስ አገልግሎት በኢንተርኔት መስጠትን በወንጀል የሚያስቀጣ አደረገው። የታሰበው የስልክ ሥራ እንጂ የልጆች ጨዋታ እንዳልነበረ የታወቀ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ባለው ዘመን የድምፅ ሰርቨር በከተማችን ማቆም ለማንም የሚያጓጓ ሥራ አልነበረም። ባሕር ማዶ የነበሩት ወገኖቻችን በበኩላቸው በ1998 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ፓልቶክ ክፍል እየከፈቱ፥ ስለ አገራቸው እስከ ሌሊት ድረስ በድምፅ ይከራከሩ ነበር። በኋላ በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ ዘርፉ ለሌሎችም ድርጅቶች ተከፈተ፤ ሳፋሪኮምም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ።

የደባልነት ዘመን

በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጄሰን ሲትሮንና ስታኒስላቭ ቪሽኔቭስኪ የተባሉ ሁለት የጨዋታ ሠሪዎች ዲስኮርድን ለሕዝብ አቀረቡ። ከዚያ በፊት የሠሩት ጨዋታ አልተሳካላቸውም ነበር። ተጫዋቾች ለመነጋገር የሚደክሙትን ድካም አይተው ግን ጽሕፈቱንም፥ ድምፁንም፥ የአባላቱንም ማዕረግ በአንድ ቤት አዋሐዱት። ኪራይ የለም፤ ሰርቨር ማቆምም የለም። አንድ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለጓደኞቹ ቤት ሊከፍት ይችላል። ዲስኮርድ ይህን ቤት «ሰርቨር» ይለዋል፤ ነገር ግን እውነተኛው ሰርቨር የኩባንያው ነው፤ ልጁ የተሰጠው በትልቅ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ነው።

ቴሌግራም የተነሣው ቀደም ብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ለጨዋታ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ሆኖም በአገራችን የጨዋታ ልጆች የሚበዙት በእርሱ ላይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጉለሌ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ያለው ኮምፒዩተር ሳይሆን ስልክ ነው፤ ቴሌግራም ደግሞ በስልክ ቁጥር ብቻ ይከፈታል፥ በፊደላችን ያለ ጭንቅ ይጻፍበታል፥ አንድ ግሩፕም እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ከዚህም በቀር የክፍል ጓደኛው፥ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባና የሰፈሩ ሰው ሁሉ አስቀድመው እዚያው አሉ። ገበያ ሁልጊዜ ሰው ያለበት ነው።

አዲሱ ቤት ያቀለለውን ነገር አለማመስገን ንፉግነት ነው። መብራት ጠፍቶ ለሦስት ሰዓት የተለየ ሰው ሲመለስ የተነገረውን ሁሉ ያገኘዋል። ሥዕል፥ ድምፅና ፋይል ይልካል። በዲስኮርድ ወሬው በየርእሱ በየክፍሉ ይከፋፈላል፤ የድምፁም ክፍል እንደ ሳሎን ስለ ሆነ፥ ማን እንደ ተቀመጠ አይቶ ሳይደውል ሳይጣራ ገብቶ መቀመጥ ነው። በቴሌግራም ግን ወሬው ሁሉ በአንድ ወንዝ ስለሚፈስ የውድድሩ ሰዓት በቀልድ መካከል ይጠፋ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ግሩፕን በርእስ መክፈል ከተፈቀደ ወዲህ ይህ ችግር ተቃሏል።

አሁን ደግሞ ወደ ኪስ እንመለስ፤ የተማሪና የጀማሪ ሠራተኛ ነገር ያለ ኪስ አይታሰብምና። ዲስኮርድ ለአንድ የድምፅ ክፍል በተለመደው አሠራሩ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ይመድባል። ይህን ስናሰላው፥ አንድ ሰው ያለ ዕረፍት ለአንድ ሰዓት ቢናገር 29 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ጊዜ ቢጮኹ ሰሚው የሁለቱንም ይከፍላል። በአሮጌው አይ አር ሲ ግን 1,000 መሥመር እስከ ጫፉ ሞልቶ ቢጻፍ ጠቅላላው ከግማሽ ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የአንድ ሰዓት የድምፅ ወሬ 56,000 ያህል የጽሕፈት መሥመር ዋጋ አለው ማለት ነው። ዋይፋይ ባለበት የሚኖር ሰው ይህን ላያስበው ይችላል፤ የዕለት ጥቅል እየገዛ የሚጫወት ተማሪ ግን ሲናገር ተጭኖ፥ ዝም ሲል ለቅቆ የሚሠራውን የድሮውን ልማድ ቢይዝ ይጠቀማል። ይህ ልማድ ከገንዘቡም በላይ ሌላ በረከት አለው፤ የእናት ጥሪ፥ የሕፃን ልቅሶና የጎረቤት ራዲዮ ወደ ጨዋታው አይገባም።

ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ

እስካሁን ባየነው አዲሱ ቤት ይበልጣል ለማለት ይቻላል። አሁን ግን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ደባል ምንም ቢመቸው ቤቱ የእርሱ አይደለም።

ኤክስፋየር የሚባል የጨዋታ ሰዎች መነጋገሪያ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዓለም ላይ ሚሊዮኖች ተጠቀሙበት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ግን በአጭር ማስታወቂያ ተዘጋ። ያሁ ሜሴንጀር በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ብዙ እናቶች ባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻቸውን ያዩበት ስካይፕም ከ20 ዓመት በላይ ከሠራ በኋላ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። እነዚህ ሁሉ የተዘጉት ደባሎቹ አጥፍተው ሳይሆን፥ ባለቤቱ ሐሳቡን ስለ ለወጠ ነው።

ከዚህ ጋር የጎጆዎቹን ታሪክ እናነጻጽረው። ፍሪኖድ የሚባለው የአይ አር ሲ መረብ በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. በአስተዳደር ጠብ ተናወጠ። ለዓመታት በነፃ ያገለግሉ የነበሩት አስተዳዳሪዎች ለቀው ወጡና ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ መረብ አቆሙ። አያሌ ማኅበሮችም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከተሏቸው። የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም እንኳ መለወጥ አላስፈለጋቸውም፤ የለወጡት አድራሻውን ብቻ ነው። የዘዴው ባለቤት አንድ ኩባንያ ስላልሆነ፥ በአንዱ ሰፈር ቢጣሉ ምሰሶውን ነቅለው በሌላው ሰፈር መትከል ይቻላል። ዲስኮርድ ላይ ያለ ቡድን ግን ቢጣላ ወይም ቢከፋው፥ ለመሄድ ይችላል እንጂ ቤቱን ይዞ ሊሄድ አይችልም።

የሚዘጋው ደግሞ ሁልጊዜ ባለቤቱ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሩሲያና ቱርክ ዲስኮርድን በአገራቸው ዘግተውታል። እኛም ይህን በሩቅ የሰማነው ነገር አይደለም። በሰኔ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገራችን ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ቴሌግራም፥ ፌስቡክ፥ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታግደው ነበር። በዚያን ጊዜ ቪፒኤን ያገኘ ገባ፤ ያላገኘ ውጭ ቀረ። ማኅበሩ በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ፥ የአባላቱም ስም፥ የመዋጮውም ሒሳብ፥ የውድድሩም ውጤት በዚያው ውስጥ ብቻ የተጻፈ ከሆነ፥ በሩ ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ይቆለፋል።

ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ቤት አይረሳም። በአሮጌው ክፍል ልጅ በንዴት የተናገረው ቃል ከሰሚው ማስታወሻ ካልቀረ በቀር እንደ ጉም ይበንን ነበር። ዛሬ ግን ተሸንፎ ሲናደድ የጻፈው ስድብ ከስሙና ከቀኑ ጋር ለዓመታት ይቀመጣል። ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል። የሌላውን ብሔር ወይም ሃይማኖት መስደብ ደግሞ «ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በኢንተርኔት የሚጻፈውንም ይመለከታል። ነገ ሥራ የሚፈልግ ተማሪና ዛሬ በሙከራ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ቤቱ የሚያስቀምጠው ወሬ ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በ2025 እ.ኤ.አ. የዲስኮርድን የደንበኞች ጉዳይ በሚሠራ ሌላ ድርጅት በኩል በደረሰ ስርቆት፥ ዕድሜያቸውን ለማስረዳት መታወቂያቸውን የላኩ 70,000 ያህል ሰዎች የመታወቂያ ፎቶግራፍ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። አይ አር ሲ ግን ከሰው የሚጠይቀው አንድ የቅጽል ስም ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ወደ ጎጆው እንመለስ» ይል ይሆናል። አይሆንም። ጎጆም ይፈርሳል። የሰርቨሩን ኪራይ የሚከፍለው ልጅ ሥራ ይዞ ክፍለ አገር ሲሄድ፥ ወይም ኮምፒዩተሩ ሲቃጠል፥ ክፍሉ ከነታሪኩ የጠፋ የጨዋታ ማኅበር በዓለም ላይ ብዙ ነው። ደግሞም ሰው የሌለበት ጎጆ ባለቤት መሆን ምን ይጠቅማል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን፥ ባለንበት ቤት ሆነን የባለጎጆን ጠባይ መያዝ የሚሻል ይመስለናል።

ለዚህ ደግሞ ፈረንጅ አገር ሄደን መማር የለብንም፤ የወላጆቻችንን እድር ማየት ይበቃል። እድር ድንኳኑ ቢያረጅ፥ መሰብሰቢያው ቢለወጥ፥ ሊቀ መንበሩ ቢሞት አይፈርስም። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መዝገቡም በጸሐፊው እጅ እንጂ በአዳራሹ ባለቤት እጅ አይደለም። የጨዋታ ማኅበርም ይህን ቢከተል የሚከተሉትን ያደርጋል።

አንደኛ፥ የግሩፑ አስተዳዳሪ አንድ ሰው ብቻ አይሁን። ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ሲም ካርዱ ቢጠፋ ግሩፑ ያለ ጌታ እንዳይቀር፥ ቢያንስ ሦስት የታመኑ ሰዎች ሥልጣኑን ይካፈሉ። ሁሉም በቴሌግራም ሁለተኛ የይለፍ ቃል ያብጁ፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ የስልክ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላልና።

ሁለተኛ፥ ጸሐፊ ይመረጥ። የአባላቱን ስምና ስልክ፥ የመዋጮውን ሒሳብና የውድድሩን ውጤት በደብተር ይጻፍ። ቴሌግራም በኮምፒዩተር ሲከፈት የግሩፑን ወሬ ሁሉ ወደ ራስ ኮምፒዩተር ለማውጣት ይፈቅዳል፤ ይህን በየወሩ ማድረግ የጸሐፊው ግዴታ ይሁን። ዲስኮርድ ግን ሲጠየቅ ለሰው የሚሰጠው የራሱን መልእክት እንጂ የቤቱን ወሬ በሙሉ አይደለም። ስለዚህ በዲስኮርድ የተወሰነ ነገር በዚያው ቀን ይገልበጥ።

ሦስተኛ፥ ደንብ ተጽፎ በግሩፑ ራስ ላይ ይለጠፍ። ስድብ ምን እንደሚያስቀጣ፥ መዋጮ ማን እንደሚይዝ፥ አዲስ ሰው በማን ምስክርነት እንደሚገባ ይታወቅ። በድምፅ ክፍል ውስጥ ሴት ልጅ በተናገረች ቁጥር ድምፅዋን እየቀዳ የሚያላግጥባት ወይም ለብቻዋ መልእክት እየላከ የሚያስቸግራት ቢኖር፥ ዳኛው ሳይዘገይ ያስወጣው። በአሮጌው ክፍል የቻነሉ ጠባቂ ይህን ሥልጣን በቅጽበት ይሠራበት ነበር። ዛሬም ሥልጣኑ በአስተዳዳሪው እጅ አለ፤ የጎደለው «ጓደኛዬ ይቀየመኛል» የማይል ሰው ነው።

አራተኛ፥ የይለፍ ቃል፥ የቴሌብር ምስጢር ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶግራፍ በግሩፕ ውስጥ ፈጽሞ አይላክ። «ሽልማት ደርሶሃል» ብሎ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ መጀመር አያስቀይምም።

አምስተኛ፥ በሩ ቢዘጋ የት እንደሚገናኙ አስቀድሞ ይወሰን። ተራው የስልክ መልእክት ይሁን፥ ወይም ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በሚጫወቱበት ቤት ደጃፍ ይሁን፥ ብቻ ሁሉም ይወቀው።

በመጨረሻም ለተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ማምብልና የአይ አር ሲ ሰርቨር ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራሉ። ከሁሉም የሚበልጠው፥ በአንድ ቤት ውስጥ ባሉ ኮምፒዩተሮች መካከል ሲዘረጉ የውጭ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። በትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ወይም በአንድ የጨዋታ ቤት፥ መሥመሩ ተቋርጦ በዋለበት ቀን እንኳ አሥር ልጆች ይጻጻፉባቸዋል፥ ይነጋገሩባቸዋል። ዳታ አይቆጥርም፤ ባሕር ማዶ ያለ ኩባንያም አያዝዝበትም። አንድ ክበብ አንድ ቅዳሜ ተቀምጦ ይህን ቢያቆም፥ ስለ ኮምፒዩተር መረብ በደብተር ካነበበው ይልቅ በዚያ ቀን የሚማረው ይበልጣል። ነገ በመሥሪያ ቤቱ መረብ ሲበላሽ «ባለሙያ ይጠራ» ብሎ ከሚቀመጥ ሠራተኛም ይለያል።

ስለዚህ ለሚከራከሩት ወጣቶች መልሳችን ይህ ነው። ለማስታወቂያና ለዕለት ወሬ ቴሌግራም ይበቃል። ዋይፋይ ላለውና በቡድን ለሚዋጋ ዲስኮርድ ይመቻል። ለመማርና መሥመር በጠፋ ጊዜ ለመሥራት አሮጌዎቹ ገና አልሞቱም። የሚነጋገሩበት ቤት ግን የቱም ቢሆን፥ ደንቡ፥ መዝገቡና የስልክ ዝርዝሩ በማኅበሩ እጅ ይሁን። አድሚን የሆናችሁ ዛሬ ማታ ጨዋታው ሳይጀመር፥ ሁለተኛና ሦስተኛ አስተዳዳሪያችሁ ማን እንደ ሆነ ተነጋገሩ።